ሳሚ የገርጂ ኤዲተር ሆነ

ዛሬ ጠዋት ሳሚ ጽሑፌን ቆረጠብኝ።

ሳሚ ገርጂ ከስፌት ቤቴ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ድረ ገጾችን በየሰፈሩ የሚዘረዝር የኢንተርኔት ማውጫ በጎ ፈቃደኛ ኤዲተር ሲፈልግ አብረን አመለከትን። እሱን ቅጹን ያስሞላሁት እኔ ነኝ። የተቀበሉት ግን እሱን ብቻ ነው።

ደመወዝ እንኳን የለውም እኮ። ቀናሁ፣ ምን ላድርግ።

ዛሬ የኔን ድረ ገጽ "በሸገር አቻ የሌለው ስፌት" ብዬ ላክሁ። እሱ "ገርጂ የሚገኝ የልብስ ስፌት ቤት" ብሎ አወጣው።

ደወልኩለት። "እህቴ፣ ማውጫ ላይ ሙገሳ አይገባም" አለኝ።

ጉራውን ልለጥፍላችሁ ብዬ ማውጫው ላይ ስለራሱ ቤት የጻፈውን ፈለግሁ። "ፎቶ ኮፒ ቤት። እሁድ ዝግ ነው" ይላል። በቃ።

ይሄ ይባስ አንገበገበኝ።

እናንተስ ያስተማራችሁት ሰው አለቃ ሆኖባችሁ ያውቃል? ኮሜንት ላይ እንደልባችሁ አስረዝሙት፣ እዚህ ሳሚ አይቆርጠውም።