የሐሙስ ለቅሶ

ሴትዮዋ ሐሙስ ሐሙስ በሰው አገር ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከሮደልሃይም፣ በባቡር ወደ ከተማው ሙዚየም ይመጣሉ። ሙዚየሙ በር ላይ ካፖርታቸውን ያወልቁና ከፌስታል ነጠላ አውጥተው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው አዘቅዝቀው ይለብሱታል። ከዚያ የአሜሪካ መንግሥት ወታደሮች ከበው የፈጇቸው የሲዩ ነገድ ነባር ተወላጆች በረዶ ላይ ተረፍርፈው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ፊት፣ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ይቆማሉ።

ጥበቃዋ ሰገን ዛሬ አላስቻላትም። "እማማ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?" አለቻቸው።

"ወንድሜ። ወታደሮች ደጃችን ላይ ገድለው ጣሉትና ያለቀሰ ወዮለት አሉን። እናቴ በማግስቱ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ገበያ ወጣች።" ወደ ፎቶግራፉ ዞሩ። "እነዚህንስ ማን አለቀሰላቸው?"

ሙዚየሙ ሊዘጋ ነው። ሰገን የራሷን ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻቸውና "እግዜር ያጽናዎት" አለቻቸው።

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ።