አያ ሲሳይ የመረጡት መነጽር

ደቡብ ውስጥ ለውጭ አገር አዳኞች ሹፌር ሆኜ ስሠራ፣ ሁለት የጠመንጃ መነጽሮች በስጦታ አግኝቼ ነበር። ለእረፍት ላሊበላ ስመጣ ይዣቸው መጣሁ። ወሬውን የሰሙት አጎቴ አያ ሲሳይ፣ ከአሸተን ማርያም ጀርባ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለው ቤታቸው አስጠሩኝና «አንዱን ምረጥልኝ» አሉኝ።

ጠመንጃ እንዳላቸው ስለማውቅ አልገረመኝም። እንደ አዋቂ ማስረዳት ጀመርኩ። ትንሹ መነጽር ጫካ ውስጥ ቅርብ ለቆመ ጎሽ ይሆናል፤ ትልቁ ግን ማዶ ተራራ ላይ ያለ አጋዘን እንኳ አቅርቦ ያሳያል።

«ለመሆኑ ምን ሊያድኑ ነው?» አልኳቸው።

«ማዶ ነው» አሉኝ፣ ገደሉን አሻግረው እያዩ።

«ትልቅ አውሬ ነው?»

ይህን እንዳልሰማ አለፉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፊት ይለያል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ክው አልኩ። በግጦሽ መሬት የተነሳ ከማዶ መንደር ሰዎች ጋር መጣላታቸውን ሰምቻለሁ።

«አያ፣ የሰው ነገር ከሆነ እኔ የለሁበትም!» ብዬ መነጽሮቹን ወደ ቦርሳዬ ስመልስ፣ ትልቁን ከእጄ መንጭቀው ዓይናቸው ላይ ደቀኑት። ማዶውን ቀስ እያሉ ሲያስሱ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አሉ። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

ድንገት ወደ ቤቱ ዞረው ሚስታቸውን ተጣሩ።

«አንቺ! ኧረ ቶሎ ነይ! ማዶ የዳርናት ልጃችን ልብስ እያሰጣች ነው! አርግዛለች እኮ!»