የድመት ሰጋቱራና የሉባባ ሳምንት

ባለፈው ጥቅምት ደሴ ሄጄ ልጄ ሃያት ዘንድ አንድ ሳምንት ተቀመጥኩ። ሃያት የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድመት ገዝታለች። «ኧረ በአላህ፣ ድመት ደግሞ ይገዛል እንዴ?» ብላት ሳቀችብኝ። ድመቷ ነጭ ናት፣ ጸጉሯ እንደ ተነደፈ ጥጥ ነው፤ አይጥ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። መጸዳጃዋ የፕላስቲክ ሳፋ ሲሆን ውስጡ ከሱቅ የሚገዛ ግራጫ አሸዋ አለበት። አንድ ጠዋት ሃያት ያንን አሸዋ ከነኩሱ በፌስታል ቋጥራ ከሕንጻው ጀርባ ወዳለው ቦይ ስትወረውር አየኋት።

ጮህኩባት። ልጄ ናት፣ ትልቅ ሰው ናት፣ መሥሪያ ቤት አላት፤ እኔ ግን እንደ ሕፃን ጮህኩባት። እሷም ደነገጠች።

«እማ፣ የት ልድፋው ታዲያ? መሬት የለኝ፣ ጓሮ የለኝ!»

እውነቷን ነው። ተቀመጥኩና አስረዳኋት። ይሄ የሱቅ አሸዋ አፈር ውስጥ ቢቀበር አይበሰብስም፤ አናጢ ቤት ሄደሽ ሰጋቱራ ለምኚ። ኩሱን በየቀኑ ለይተሽ አንሺ። የረጠበውን ሰጋቱራ በጆንያ አጠራቅመሽ እኔ ጋ ላኪ፣ ወይ መሬት ያለው ሰው ፈልጊና ከውኃ ርቆ ጉድጓድ ይቆፈርለት። በቅጠልና በደረቅ አፈር እያፈራረቁ ከደፈኑት ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ብስባሽ ይሆናል፤ ያኔም ለዛፍ እንጂ ለጎመን አይሰጥም። ያረገዘች ሴት ፈጽሞ እንዳትነካው። ወንዝ ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ ግን፣ ሞቼ እገኛለሁ!

«ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው?» አለችኝ።

«ችግኝ ጣቢያ ስንት ዓመት ሠራሁ?» አልኳት። መልሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ እስከዚያ ቀን ለሰው አውርቼው አላውቅም ነበር።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ። የእኛ ቀበሌ ከከተማው የአራት ሰዓት መንገድ ነው፣ ቁልቁለቱ ለጉልበት፣ አቀበቱ ለልብ የሚከብድ። ስለዚህ እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ከተማ ውስጥ ክፍል ይዘን፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት እየተመላለስን ነበር የምንማረው። «የምንማረው» የምለው እኔና ሉባባን ነው። ሉባባ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አብረን ቁርኣን ቀርተናል፣ አብረን ከብት ጠብቀናል፣ በአንድ ቀን ልዩነት የተወለድን ነን። እናቴ በሶ ስትቋጥር ለሁለት ነበር የምትቋጥረው። ሉባባ ቆንጆና ጨዋታ አዋቂ ስለነበረች ሰው ሁሉ እሷን ያይ ነበር፤ እኔም አያት ነበር።

ያረፍነው ሀጂ እንድሪስ የሚባሉ እህል ነጋዴ ግቢ ነው። ሀጂ ኪራይ አይቀበሉንም ነበር። በምትኩ አንድ ሥራ ሰጡን፤ የመጋዘኑን ድመቶች ንጽሕና። መጋዘኑ ጤፍና ስንዴ እስከ ጣሪያው ድረስ የሞላበት ነው፣ አይጡም ልክ የለውም። ሦስት ድመቶች እዚያው ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ድመት ላላ ያለ ነገር ካገኘች ቆፍራ መጸዳዳት ትወዳለች፤ ለድመት ደግሞ ከፈሰሰ ጤፍ የተሻለ አሸዋ የለም! ሀጂ ጤፋቸው መሃል ያንን ጉድ ካገኙ በኋላ ነው እኛን ያስገቡን። አናጢው ጋሽ ደምሴ በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ይሰጡኛል፣ እኛ በትልቅ ሳጥን አድርገን መጋዘኑ ጥግ እናስቀምጣለን፣ ድመቶቹም ጤፉን ትተው እዚያ ይሄዳሉ።

የቆሸሸውን የት እንድፋው? የሰፈሩ ሰው ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ ቦዩ ላይ ይጥል ነበር። ቦዩ ደግሞ ወርዶ ወርዶ ምንጩ አጠገብ ያልፋል። ከዚያ ምንጭ እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀዳል፣ ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሳይገቡ ውዱእ የሚያደርጉትም እዚያ ነው። ድመት ራሷ ነጃሳ አይደለችም፣ ከሰው ጋር በአንድ ምንጣፍ ትተኛለች፤ ኩሷ ግን ነጃሳ ነው፣ ውኃ ያረክሳል። የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅኳቸውና ለሃያት የነገርኳትን ያንን ሁሉ አስተማሩኝ። ከባሕር ዛፉ ማዶ፣ ውኃ በማይደርስበት ወገን፣ በዶማ ጉድጓድ ቆፈርኩ። እጄ ተላጠ። አንድ ረድፍ ሰጋቱራ፣ አንድ ረድፍ ቅጠል፣ አንድ ረድፍ አፈር። ላዩን በእሾህ ዘጋሁት። አትሳቁብኝና በዚያ ጉድጓድ እኮራበት ነበር። ሀጂም ለእንግዳ ሁሉ «የኔ ልጅ የሠራችው» እያሉ ያሳዩ ነበር።

ተራ ነበረን፤ አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት ሉባባ። ተራውን ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ሚያዝያ ላይ ሉባባ እግሬን አመመኝ አለችና የእሷን ሳምንት እኔ ሠራሁላት፤ እሷ ደግሞ ግንቦት ላይ በእኔ ሳምንት ልትሠራ ተስማማን። ይሄን ቅይይር ለማንም አልነገርንም፤ ምን ብለን እንነግራለን? የሁለት ጓደኛሞች ነገር ነው።

ግንቦት ገባ። ማትሪክ ሦስት ሳምንት ቀረው። ያ ዓመት የበልጉ ዝናብ አልቆም ብሎ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር፤ በሶ እየበጠበጥን፣ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምን እናጠናለን። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሉባባ ሰጋቱራውን ልትደፋ ወጣችና ወዲያው ተመለሰች። ጫማዋን አየሁት፤ ጭቃ አልነካውም።

«ጉድጓዱ ጋ ደረስሽ?»

«ኧረ ደርሻለሁ፤ ምን ታካብጃለሽ!»

እኔም መጽሐፌ ላይ አቀረቀርኩ። ያን ቀን ተነስቼ ባይ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ያን ዕለት የወረደው ዝናብ ቦዩን ሞልቶ አስጮኸው።

በማግሥቱ ጁምዓ ነው። ወንዶቹ ለውዱእ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ምንጩ ሰጋቱራ ለብሶ፣ ኩሱ ከላይ ተንሳፍፎ አገኙት። ሱብሃነላህ! ከፊት የነበሩት ራሳቸው ሀጂ ናቸው፤ እጃቸውን ከከተቱ በኋላ ነው ያዩት። ሰፈሩ ተገለበጠ። ጋሽ ደምሴ ተጠሩ፣ በጣታቸው አንስተው አዩና «የኔ የጽድ ሰጋቱራ ነው፣ ለዛህራ የሰጠኋት» አሉ። ዛህራ እኔ ነኝ።

ሉባባ ክፍላችን ውስጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅሳለች። «ዝናቡ ሊመጣ ሲል ፈራሁና ቦዩ ላይ ደፋሁት» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ራሴ እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ።»

እኔም አባበልኳት። እንባዋን በነጠላዬ ጠረግኩላት።

የሰፈራችን ሽማግሌዎች አንድ ደንብ ነበራቸው። ነገር ሲበላሽ እስላምም ክርስቲያንም ወይራው ሥር ይቀመጣል፣ ትልቁ ሰው «ያጠፋ በራሱ ይነሳ» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል። በራሱ የተነሳ ሰው አይቀጣም፤ ያበላሸውን ያስተካክላል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ ይቅር ተብሎ አውፍ ይባላል፣ ነገሩ ዳግም አይነሳም። ሌላውን መጠቆም ግን ነውር ነው፤ አጥፊው ራሱ የሚነሳበትን ዕድል መቀማት ነው ይላሉ። ሦስቱ ጥሪ አልፎ ያልተነሳ ብቻ ነው የሚመሰከርበት፣ ያ ሰው ደግሞ ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ድፍረቱ ከሰፈር ይወጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰብን። ሼህ ሙሄ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ በላይ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተጣሩ።

«ያጠፋ በራሱ ይነሳ።»

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እኔ ሉባባን አያለሁ። ሉባባ መሬት ታያለች።

«ያጠፋ በራሱ ይነሳ።»

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል አይደል? ትነሳለች ብዬ ነው። ማለችልኝ እኮ! ስሟን ብጠራ ነውሩ የእኔ ነው፣ ዕድሏንም መቀማት ነው። በልቤ «ተነሺ፣ ተነሺ፣ በአላህ ተነሺ» እላለሁ።

«ለመጨረሻ ጊዜ፣ ያጠፋ በራሱ ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። ሼህ ሙሄ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ የሚያውቅ ይመስክር» አሉ።

ይሄኔ ሉባባ ተነሳች። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ቢዘገይም ተነሳች፣ ይምሯታል፣ እኔም እለምንላታለሁ። ነጠላዋን አስተካከለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ሳምንቱ የዛህራ ነበር» አለች፤ ተቀመጠች።

ሌላ ምንም አላለችም። ውሸት እንኳን አይደለም፣ በተራው ሳምንቱ የእኔ ነው! ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁና «ወላሂ እኔ አይደለሁም! ተቀያይረን ነው! እሷ ናት የደፋችው!» ብዬ ጮህኩ። ግን ማን ይስማኝ? ሦስት ጊዜ ሲጠራ ዝም ያለች ልጅ፣ አሁን ሲመሰከርባት በጓደኛዋ ላይ ትጠቁማለች። የራሴ ጆሮ እንኳን አላመነኝም። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ አወዳደቁ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሀጂ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ስለ ሰጋቱራው አይደለም» አሉኝ። «ሰው ይሳሳታል። ሦስት ጊዜ በር ተከፈተልሽ፣ አንድ ጊዜ እንኳን አልገባሽም። በይ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ከመሄዴ በፊት ምንጩን አጸዳሁ። ማንም አላዘዘኝም። እልህ ነው። ውኃው ጉልበቴ ድረስ፣ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤ ሰጋቱራውን በወንፊት እያጠለልኩ፣ ጭቃውን በእጄ እየዛቅኩ፣ እያለቀስኩም እየተሳደብኩም ጨረስኩት። ያወጣሁትን ተሸክሜ ወስጄ ጉድጓዴ ውስጥ ቀበርኩ።

መጽሐፎቼን ስሸክፍ ሉባባ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ምን ላድርግ ዛህራ? ፈተናው ደረሰ እኮ። ቤት ባጣ የት እሆናለሁ?»

«እኔስ?»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ የትም ሆነሽ ታልፊያለሽ።»

ይሄን ስትል አዝና ነው፣ ከልቧ ነው። ጉብዝናዬን ቆጥራ ነው የሸጠችኝ። በሶውን ለሁለት ከፍዬ የእሷን አስቀመጥኩላት፤ ለምን እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ የአራት ሰዓቱን መንገድ በጭቃ ጀመርኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሷል። አባቴ «ነጃሳ ምንጭ ላይ ደፍታ የተባረረች» የሚለውን ቃል ከገበያ ሰምቶ ገባና ሦስት ቀን አላናገረኝም። ከተማ ውስጥ ሌላ ክፍል የሚሰጠኝ አልተገኘም። ማትሪክ ሳልፈተን ቀረሁ። ሉባባ ተፈተነች፣ አለፈች፣ ነርስ ሆነች፣ ደሴ ገባች። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ፈተናውን ብሞክርም አዕምሮዬ ተበትኖ ነበርና አልሆነልኝም። ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኝነት ገባሁ፣ ውዬ አድሬ ኃላፊ ሆንኩ። ሕይወቴን አልጠላውም፤ ባልም አገኘሁ፣ ሃያትን ወለድኩ። ግን ዶክተር የመሆን ሐሳብ ነበረኝ። ይሄን ስጽፍ እኔኑ ያሳፍረኛል፣ ነበረኝ ግን።

ስንት ዓመት ሉባባን በዓይኔ አላየኋትም። በልቤ ግን አንድ ነገር አዘጋጅቼላት ነበር። አንድ ቀን ትመጣለች፣ «ዛህራ፣ አውፍ በይኝ» ትላለች፣ እኔም ጥቂት አስለምኜ አውፍ እላታለሁ። እንዴት አድርጌ እንደማስለምን ሳይቀር አስቤዋለሁ።

አምና አንድ ዘመዳችን ሞቶ መካነ ሰላም ሰደቃ ላይ ተገናኘን። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ጨዋታዋ ግን እንዳለ ነው። አቅፋ ሳመችኝ፤ እንባም አወጣች። ከዚያ ሴቶቹ መሃል እንጀራ እየቆረስን ሳለ ሳቀችና ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ።

«ይቺን ታውቋታላችሁ? ተማሪ ሆነን የሰፈሩን ምንጭ በድመት ነጃሳ ሞልታልን፣ ሀጂ እንድሪስ እጃቸውን ነክረው! ያኔ ስንት አልቅሼላታለሁ መሰላችሁ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ፊቷን በደንብ አየሁት፤ ዓይኗን፣ ከንፈሯን። ውሸት ፈለግኩ። ነርስ የሆነች ትልቅ ሴት፣ የድሮ ጓደኛዋን አግኝታ ደስ ያላት፣ የምታምነውን የምታወራ ሴት ናት። ሳምንቱ የእኔ እንደነበር ታምናለች። ስንት ዓመት ለራሷ ስትነግረው ኖራ አምናዋለች። ጉርሻ አጎረሰችኝ፤ ጎረስኩ።

ሃያት ይሄን ስነግራት ተናደደች። «ለምን እዚያው አልነገርሻትም? ሰው ፊት!» አለችኝ። ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገራት? አንድ ጊዜ ዘግይቼ ተናግሬ የደረሰብኝን አውቃለሁ። ሀጂ ሞተዋል፣ ሼህ ሙሄ ሞተዋል፣ ጋሽ ደምሴ ሞተዋል። አውፍ ብዬ እንዳልተዋት እንኳን አውፍ በይኝ አላለችኝም፤ ያጠፋችው ነገር የለማ። ወይራው ሥር የከዳችኝን ክዳት ተሸክሜው መኖር ለምጄ ነበር። ይሄኛው ግን አዲስ ነው።

ያን ቀን ወይራው ሥር ከነበረው ሕዝብ ሁሉ መሃል እውነቱን የምናውቀው ሁለት ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።