የጋሽ ደበበ ድምፅ የማን ተራ ነው?

ትናንት ጠዋት እትዬ አየለች የመሥሪያ ቤታችንን በር አልፈው ሲገቡ በመስኮት አየኋቸውና... ጠረጴዛ ስር ገባሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ግን ገባሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከዚያ እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ።

የምሠራው አዳማ፣ አንዲት ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አምና ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች እየጠራን ስለ ኑሯቸው ሲያወሩ ድምፃቸውን እንቀዳ ነበር። የተቀዳው እንደ መጽሐፍ በስልክ ይዋሳል። ተዋሹ ስልክ ላይ አስራ አምስት ቀን ይቆይና በራሱ ተዘግቶ ወረፋ ለያዘው ይሄዳል። አንዱ ጋ እያለ ሌላው አያገኘውም። ደንቡ በገንዘብ ለሚገዙ መጻሕፍት የወጣ ነው፣ እኛ ግን ደንብ ደንብ ነው ብለን ለሁሉም አደረግነው።

የእትዬ አየለች ባል ጋሽ ደበበ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመቂ ሽንኩርት እየጫኑ አዲስ አበባ ሲያራግፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ መጥተው አርባ ደቂቃ አወሩ... ስለ መኪናቸው ብቻ። ራዲያተሩ የት እንደፈላ፣ ጎማው የት እንደፈነዳ። ሚስት የሚባል ነገር ካፋቸው አልወጣም። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እትዬ አየለች ተዝካሩን አውጥተው መጡና ድምፁን አዋስኳቸው። መሃል ላይ ጋሽ ደበበ እህህ ብለው ጉሮሯቸውን የሚጠርጉባት ቦታ አለች። «በር ከማንኳኳቱ በፊት እንዲህ ነበር የሚለው» አሉኝ። እሷኑ እየመለሱ ነበር የሚሰሙት።

በአስራ አምስት ቀኑ ተዘጋ። ወረፋ የያዘ ሰው አለ አልኳቸው። ጠብቀው ተራቸው ሲደርስ መጡ። እንደገና ተዘጋ። እንዲህ እያልን ወራት ሄደ።

ወረፋውን የያዘችው ጫልቱ የምትባል የመቂ ሴት ናት፣ ከኔ ብዙም አትበልጥም። አንድ ቀን መጥታ ተመዘገበች፣ ከዚያ ወዲህ እዚያው ሆና በስልኳ ትዋሳለች። ድምፅ የሚዋስ ሰው ከተናጋሪው ጋር ያለውን ዝምድና ይሞላል። እትዬ አየለች «ሚስት» ብለዋል። ጫልቱም «ሚስት» ብላለች።

አስራ አምስት ቀን አዳማ፣ አስራ አምስት ቀን መቂ! ሰውዬው በሕይወት እያሉ ጭነት አለብኝ እያሉ ያደረጉትን እኛ በኮምፒዩተር ቀጠልንላቸው። እውነቱን ልናገር... ስቄያለሁ። ለባልደረቦቼም ነግሬ ሞተውም ተራ አላዛነፉም እያልን አብረን ስቀናል።

የዛሬ አስራ ሁለት ቀን እትዬ አየለች ተራቸው ሳይደርስ መጡ። ልጃቸው ከሐዋሳ መጥታለች፣ ያባቷን ድምፅ ላሰማት አሉ። ሰው ጋ ነው፣ ይጠብቁ አልኳቸው። ባንዲት ጠቅታ ለሁለቱም ልከፍተው እችል ነበር። አልከፈትኩም። እሳቸውም ተናደዱና አንባቢው ሁሉ እየሰማ «ለዘመድሽ ሰጥተሽው ነው እንጂ የኔን ባል ድምፅ ሌላ ማን ይፈልገዋል?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ኮምፒዩተሩን ወደሳቸው አዞርኩና «ማን እንደሚፈልገው ራስዎ ያንብቡት» አልኩ።

መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። ስሟን፣ መቂን፣ ሚስት የሚለውን። አሁንም እሷ ጋ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ወጥተው ሄዱ።

ከምሳ በኋላ የጋብቻ ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ተመለሱ። ተናጋሪው ከሞተ ሕጋዊ ሚስቱ ድምፁን ማስጠፋት ትችላለች የሚል አንቀጽ አለን። ሲመዘገቡ እኔው ነበርኩ ያነበብኩላቸው።

«እሷ ጋ ያለውን አጥፊልኝ» አሉ።

ፍላሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አንድ ቅጂ ማስቀረት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ትዝም ብሎኛል። ግን ያ «ለዘመድሽ» ያሉኝ ነገር ገና አልወጣልኝም ነበርና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልኳቸው። ፈረሙ። አጠፋሁት።

ሰዓትም ሳይሞላ ከመቂ ተደወለ። ጫልቱ ናት። አካም ጅርቱ ብላ በትሕትና ሰላም አለችኝና «እየሰማሁት ቀጥ አለብኝ፣ ቀኔ መቼ ሞላ?» ብላ ጠየቀች። በቤተሰብ ጥያቄ ጠፍቷል አልኳት።

«እኔስ ቤተሰብ አይደለሁም?» አለች።

ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።

እና ትናንት... ጠረጴዛ ስር ሆኜ የእትዬ አየለችን ጫማ እያየሁ ነው። አይሄዱም። ወገቤን ሲያመኝ እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ ወጣሁ። ስልካቸውን ቻርጅ ሞልተው፣ አዲስ ማዳመጫ ገዝተው መጥተዋል። ልጃቸው እስካሁን አልሄደችም፣ ውጭ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ቀኑ ሞልቷል፣ ተራዬ ነው አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ አስጠፍተውት የለ እንዴ? ፈርመው?»

«እሷ ጋ ያለውን ነው እንጂ ያልኩሽ የኔን መቼ አልኩሽ?»

አንድ ብቻ እንደነበር፣ እሷ ጋ የነበረውም የሳቸው የሚሆነውም ያው እንደነበር አስረዳኋቸው። ቀስ ብሎ ገባቸው። አልጮኹም፣ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ማዳመጫውን መልሰው ወደ ካርቶኑ እየከተቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያቺ እህህ የሚልባትም?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ያን ቀን የሳቸው የሚቀር እንደመሰላቸው አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳልምል... እየገባኝ ነው ያስፈረምኳቸው።