ልጅቷን ማን ይያዛት?

ሰሞኑን ሳሊተ ምሕረት አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ከልጄ ጋር ሄጄ ነበር። ትንሹ የልጅ ልጄ ከአልጋ ወድቆ እጁ አብጧል። የራጅ ባለሙያዋ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ ለልጄ እየዘረጋች፣ «ይዘሽው ትገቢያለሽ? ነፍሰ ጡር አይደለሽም አይደል?» አለቻት። ልጄ ዓይኗን ሰብራ የቦርሳዋን ማንገቻ መጠምዘዝ ጀመረች። ያን ዓይን መስበር አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ቦሌ ቡልቡላ የጤፍና የሽምብራ አገር ነበር። ጥርሴ መነቃነቅ በጀመረበት ዕድሜ ከቤታችን ጀርባ ካለው ሾላ ላይ ወጥቼ አውሮፕላን ሲያርፍ ማየት እወድ ነበር። ከራሴ በላይ ሲያልፍ ቅጠሉ ይርገፈገፋል፣ እኔም አብሬው የምሄድ ይመስለኛል። በታኅሣሥ አንድ ቀን እውነትም ሄድኩ፤ ወደ ታች።

እጄ ሲያብጥ ጎረቤቶች ወጌሻ ይበቃታል አሉ። አባቴ ግን አዝሎኝ በማሳው መሃል ወደ አስፋልቱ ወጣ። እናቴ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች የሽምብራ እሸት እየፈለፈለች ታጎርሰኛለች። ጨው ጨው የሚለው ጣዕሙ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

ሆስፒታል ስንደርስ አባቴ፣ «ጨረሩ ልጄን አይጎዳትም?» ብሎ ጠየቀ።

ራጅ የሚያነሳው ወጣት አልሸነገለውም። «መጠኑ ትንሽ ነው፣ ጋሼ። ትንሽም ቢሆን ግን ያለ ምክንያት አናደርገውም። አጥንቱን ሳናይ ብናስረው እጇ ተጣሞ ሊቀር ይችላል። ከተንቀሳቀሰች ደግሞ መድገም ይኖርብናል፤ ደህና አድርጎ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል።» ሽርጡን ለእናቴ ዘረጋላት። «እርጉዝ ከሆኑ ግን አይግቡ፣ እናቴ። ለጽንሱ ጥሩ አይደለም።»

«ኧረ ምን እርግዝና አመጣብህ!» አለች እናቴ። በእኛ ሰፈር እርግዝና ሳይገፋ አይወራም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል። ለባል እንኳ የማይነገርበት ጊዜ ነበር። ስንቱን ነገር ደብቀን ኖርን!

ሽርጡን ለብሳ፣ ደህናውን እጄን ይዛ እስከ በሩ መጣች። እዚያ ስትደርስ ለቀቀችኝ።

«አልችልም» አለች ዓይኗን ሰብራ። «አንተ ያዛት።»

አባቴ ትኩር ብሎ አያት። ወዲያው ፊቱ በራ። እኔ ግን እናቴ የተወችኝ መሰለኝና ሆስፒታሉን በለቅሶ ቀወጥኩት። አባቴ ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ፤ መድገምም አላስፈለገ።

ቂሜን እስከ ክረምት ይዤ ቆየሁ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እናቴ አዲሱን ወንድሜን እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ያን ቀን አልለቀቅኩሽም» አለችኝ። «ሁለታችሁንም ይዤ ነበር።»

ባለሙያዋ አሁንም የልጄን መልስ ትጠብቃለች።

«ሽርጡን ለእኔ ስጪኝ» አልኳት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እጇን ጨበጥ አድርጌላት የልጅ ልጄን ይዤ ገባሁ። እናቱን እየተጣራ ይንሰቀሰቃል። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩትና በጆሮው፣ «አይዞህ፤ ክረምት ሲመጣ ይገባሃል» አልኩት።