የግሪጎሬን ቤት የጠበቀችው ልብስ ሰፊ

በሰሜን ሞልዶቫ፣ በኒስትሩ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ሊዮንቲና ቡርላኩ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። እናቷን ለዓመታት አስታማ ስትቀብር ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ በሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻዋን ቀረች። እጇ ግን ይወራለት ነበር። የሰፋችው አንድ የሙሽራ ቀሚስ ወደ በልጺ ከተማ ለሠርግ ሄዶ የከተማዋ ቴአትር ቤት የልብስ ክፍል ኃላፊ ዓይን ውስጥ ገባ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዬቭጌኒያ ስልኳን አፈላልገው ደወሉ።

«ያንን አንገትጌ ማን አስተማረሽ ልጄ?»

«ማንም። ጨርቁ ራሱ ነው እንዲያ ልሁን ያለው።»

ሴትዮዋ ከልባቸው ሳቁ። «በይ መስከረም ላይ ነይ፤ አንዷ ሰፊዬ ጡረታ ልትወጣ ነው። ደመወዙ አያኮራም። ግን ንግሥቷንም ለማኟንም የምታለብሺው አንቺ ትሆኛለሽ።»

ሊዮንቲና ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሟ ግሪጎሬ ከጣሊያን ደወለ። ግሪጎሬ እዚያ ግንበኛ ነው፤ በላቡ ያገኘውን እየላከ በመንደሩ መሐል ባለ አንድ ፎቅ ቤት አሠርቶ ገና መጨረሱ ነበር።

«እህት ዓለም፣ ለጊዜው ግቢበት። በበረዶው ወራት እሳት ካልነደደበት ቧንቧው በብርድ ይፈነዳል። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት፤ ከዚያ እኛው እንመጣለን። ኪራይ የለ፣ ምን የለ፤ በነጻ!»

ሊዮንቲና አሰበችው። ከተማ ብትገባ የደመወዟን ግማሽ ኪራይ ይበላዋል፤ እዚህ ግን ከኪሷ የሚወጣ ነገር የለም። ምን አጣለሁ? አለች። ለወይዘሮ ዬቭጌኒያ ደውላ እስከሚመጣው መስከረም እንዲታገሷት ለመነቻቸው።

«ልጄ፣ ልቤ ይፈልግሻል። ግን ወንበሩ ባዶውን ሊቆይልሽ አይችልም» አሏት። በሳምንቱ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

ትልቁ ቤት ውስጥ የኖረችው ማድ ቤቱ ውስጥ ነው። ፎቁ ላይ ያሉት ወንበሮች ከነላስቲካቸው ተቀምጠዋል፤ እንዳይቆሽሹ ትሰጋለች። ጠዋትና ማታ እንጨት ትፈልጣለች፣ ምድጃውን ታነዳለች፣ በረዶውን ከደጅ ትጠርጋለች። አንዱ ዓመት ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። የግሪጎሬ ልጅ እዚያው ጣሊያን ትምህርት ቤት ገባች፤ መምጣታቸው ከፋሲካ ወደ ፋሲካ ተላለፈ። ሌሊያ ፕሮፊራ፣ ማለትም አክስት ፕሮፊራ፣ የአጥሩ ማዶ ጎረቤት ናት፤ ምላሷ አያርፍም።

«ልዕልት! ዛሬ የትኛው ክፍል አደርሽ?»

«ማድ ቤት።»

«ወይ ሞኝነት! እኔ አንቺን ብሆን ክፍል እያማረጥኩ ነበር የምተኛው። በነጻ ነው እኮ!»

«አዎ፣ በነጻ ነው» ትላለች ሊዮንቲና እየሳቀች። መንደሩ ሁሉ ስለሷ ሲያወራ ይህቺን ቃል ሳይጨምር አያልፍም። እሷም ደጋግማ ከማለቷ የተነሳ ቃሉን መስማት ትታለች።

በሰባተኛው ዓመት ከኮረብታው ማዶ ቫሲሌ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ንብ አርቢ ይመላለስ ጀመር። ማር ያመጣል፣ የተበላሸ ቁልፍ ይጠግናል፣ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ወይኑን እየጠጣ «ነይ፣ እኔ ቤት እንኑር» አላት።

«ቤቱስ?»

«የማን ቤት?»

«የግሪጎሬ ነዋ። ለፋሲካ ሲመጣ ላማክረው።»

ቫሲሌ ቆቡን ደፋ። «እንግዲያ ሲመጣ ንገሪኝ» አለና ወጣ። ግሪጎሬ በዚያ ፋሲካ አልመጣም። ቫሲሌም በመከር ሌላ ሴት አገባ።

ግሪጎሬ የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ነው፤ ወገቡ ተሰብሮ፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ብቻውን። ክፍሎቹን ዞሮ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ አየ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ።

«ልንሸጠው ነው» አላት። «ሚስቴም ልጄም እዚህ አይኖሩም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኩልህ እኮ ግሪጎሬ።»

ግሪጎሬ ከልቡ ደነገጠ። «ጠበቅኩልህ? እኔ እኮ አንቺን የረዳሁ ነበር የሚመስለኝ! ለሰው ሁሉ ‹እህቴን ከኪራይ አሳርፌያታለሁ› እያልኩ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እንኳ አልከፈልሽም እኮ!»

ክፋት አልነበረበትም። ሊዮንቲና ሒሳቡን በልቧ አሰላችው። ከእጇ የወጣ ነገር የለም። የጠፋው ወደ እጇ ሳይመጣ የቀረው ነው፤ እሱን ደግሞ አውጥቶ ማሳየት አይቻልም።

በሳምንቱ ክር ልገዛ ነው ብላ በአውቶቡስ ወደ በልጺ ወረደች። እግሯ ቴአትር ቤቱ አደረሳት። ወይዘሮ ዬቭጌኒያ ከሞቱ ቆይተዋል። ልብስ ክፍሉ ውስጥ ወፍራም መነጽር ያደረገች ጋሊና የምትባል ሴት አገኘች፤ በዚያ መስከረም በሊዮንቲና ቦታ የተቀጠረችው ናት።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ማንንም። ድሮ እዚህ ልቀጠር ነበር።»

«አመለጥሽ በይኛ!» አለች ጋሊና። «ዓይኔን ጨርሶታል። ደመወዙ ለመድኃኒት እንኳ አይበቃ። ዕድሜዬን በሰው ቤት በኪራይ ጨረስኩት። አንቺስ?»

«በነጻ ነው የኖርኩት።»

«ታድለሽ!»

በዚህ መሐል አንዲት ተዋናይት ግማሽ ለብሳ ገባች። ጋሊና መርፌውን በከንፈሯ ይዛ እየተቆጣች የቀሚሱን ወገብ ታጠብበው ጀመር፤ ልጅቷ እየሳቀች ትሽከረከራለች። ሊዮንቲና ትከሻውን አየችው። ከኋላ ትንሽ ሰብሰብ ቢል አወዳደቁ ያምር ነበር። ጭኗ ላይ ያረፉት ጣቶቿ ሳታዛቸው ጨርቅ እንደያዙ ሁሉ ይንቀሳቀሱ ነበር። ጋሊና ያለችውን ሁሉ አምናታለች፤ ምሬቷ እውነት ነው። ግን አላጽናናትም። አውቶቡስ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሁለት አውቶቡስ እስኪያመልጣት አለቀሰች።

ቤቱ በጥቅምት ተሸጠ። የእናታቸው ጭቃ ቤት ጣሪያው ስለወደቀ ሌሊያ ፕሮፊራ የኋላ ክፍሏን አከራየቻት። አንድ ቀን አብረው ባቄላ ሲፈለፍሉ አሮጊቷ ልታጽናናት ፈለገች።

«ተይው በቃ። ጤና አለሽ፣ እጅ አለሽ። ምን አጣሽ?»

ሊዮንቲና የያዘችውን ባቄላ አስቀመጠች። «የቴአትር ቤቱን ወንበር» አለች ቀስ ብላ። «ቫሲሌን። ምናልባት ልጅም።»

ሌሊያ ፕሮፊራ የባቄላውን ገለባ ከቀሚሷ ላይ አራግፋ በሩን ልትዘጋ ተነሳች፤ ብርድ ይገባ ነበር።

ግሪጎሬ አሁንም እሑድ እሑድ ይደውላል። ሊዮንቲና ስለ ወገቡ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ስለ ሐኪሙ ይነግራታል፤ ሌላ ነገር አያነሱም።