ሰባት ያልሞላት

ልጃችን በሦስት ቀን ትኩሳት ሞተች። ስድስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ከቀብሯ በኋላ ቀን ጠፋብኝ። ለሐሙስ የቀጠሩኝን እንግዶች ማክሰኞ ሄጄ ሆቴሉ በር ላይ ተገትሬ እጠብቃለሁ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ የስምንት መቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ትንፋሽ የማወራ ሰውዬ ትናንት ምን እንደዋልኩ ማስታወስ አቃተኝ።

የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አርባዋ። አርባ ሲደርስ ጠላ ይጠመቃል፣ ካህናት ይጠራሉ፣ ነዳያን ይበላሉ። ሰው ለሞተበት አንድ ነገር ያደርጋል። እስከዚያ ድረስ እንደምንም እቆማለሁ ብዬ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ሰባት ላልሞላት ሕፃን ተዝካር አይወጣም» አሉኝ። «ኃጢአት የለባትማ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግላት አባ?»

«ምንም። እሷ ናት ለእኛ የምትለምን።»

ሊያጽናኑኝ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን በገንኩ። ቤት ገብቼ ለእናቷ «ትንሽ ኃጢአት እንኳ ቢኖርባት ምናለ!» አልኳት። «እግዜር ይሰማሃል እኮ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ የምጠብቀው ቀን አልነበረኝም። ይነጋል፣ ይመሻል፤ ለምን እንደሚነጋ ግን አይገባኝም።

አርባኛውን ቀን ስልኬ ላይ ቆጥሬ አገኘሁት። ለባለቤቴ ሳልነግራት ድፎ ዳቦ ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደሚቀመጡት ነዳያን ሄድኩ። መጀመሪያ የተቀበሉኝ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ናቸው።

«የማን መታሰቢያ ነው?»

«ሴት ልጄ ሞታብኝ ነው፣ እማማ።»

«እኔን አፈር ይብላኝ! ስንት ዓመቷ ነበር?»

እውነቱን ብናገር እሳቸውም «ታድላ፣ ለእኛ ትለምን» ብለው ዝም ሊሉ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ለልጄ እንዲለምንላት ፈልጌ ነበር።

«ሰባት ሞልቷታል» አልኩ። በቤተ ክርስቲያን በር ቆሜ ዋሸሁ።

ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ነፍስ ይማር!» ሲሉ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ልቤ ግን አላረፈም።

ልደቷ ገና ነው። ልጄ ሰባት ዓመት የሞላት በእኔ አፍ ብቻ ነው።